ሰኞ ሰኞ የሚወጣው የሰንጋ ዋጋ፦ የአሜሪካ መንግሥት የከብት ገበያ ሪፖርት ሲገመገም

ሰንጋውን አድልቦ ለሽያጭ ያደረሰ ሰው ከገዢ ጋር ከመነጋገሩ በፊት ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሌላው በዚህ ሳምንት በስንት ሸጠ? በአሜሪካ ይህን ጥያቄ እንዲመልስ የተቋቋመው፣ በአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር ሥር የሚገኘው የግብርና ግብይት መሥሪያ ቤት የሚያወጣው የቀንድ ከብት ዋጋ ሪፖርት ነው። አገልግሎቱ ክፍያ የለውም፤ ማንም ሰው የትም ሆኖ በኢንተርኔት ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። እኔም ለብዙ ወራት በየሳምንቱ እየከፈትኩ፣ ወደ ኋላ እየተመለስኩም የቀደሙትን ዓመታት ሰንጠረዦች ሳነጻጽር ቆይቻለሁና ለአርቢው ምን እንደሚሰጠው፣ የት ላይስ እንደሚጎድልበት ያየሁትን እጽፋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገልግሎቱ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የገዢውን ወገን ማየት ያስፈልጋል። ከአሜሪካ ማድለቢያዎች ከሚወጡት ሰንጋዎችና ጊደሮች 85 በመቶ ያህሉን አርደው የሚያዘጋጁት አራት ኩባንያዎች ናቸው፤ ታይሰን፣ ጄቢኤስ፣ ካርጊልና ናሽናል ቢፍ። በ1977 በዘመኑ የነበሩት አራት ትልልቅ አራጆች ድርሻ ሩብ ያህል ብቻ ነበር። ግዙፍ ቄራዎች በማድለቢያዎቹ አጠገብ እየተተከሉ ትንንሾቹ ሲዘጉና ሲሸጡ፣ በተለይ ከ1980 እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ባለው ጊዜ ገበያው ዛሬ የምናየውን መልክ ያዘ። በ2008 ጄቢኤስ ናሽናል ቢፍን ለመግዛት ሲነሳ የፍትሕ ሚኒስቴር ከስሶ ባያስተወው ኖሮ ዛሬ አራት የምንላቸው ሦስት በሆኑ ነበር።

በአገር ደረጃ አራት የሚባለው የገዢ ቁጥር በአንድ አድላቢ በር ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ወደ ሁለት፣ አንዳንዴም ወደ አንድ ይወርዳል። የደለበ ሰንጋ እንደ እህል ጎተራ ገብቶ የተሻለ ቀን አይጠብቅም። በየቀኑ ይበላል፤ ስቡ ከልኩ ያልፋል፤ ክብደቱ ከተወሰነው በላይ ሲሆን ቄራው ከዋጋው ይቀንሳል። ሩቅ ወዳለ ገዢ ልጫነው ቢባል ደግሞ የጭነቱ ሒሳብ አለ፤ በመንገድ የሚያጣው ክብደትም ከሻጩ ኪስ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ሻጩ ጊዜም ቦታም የሚያጣብበው ሰው ሲሆን፣ ገዢው ግን በየክፍለ ግዛቱ ባሉት ቄራዎቹ በኩል የአገሩን ዋጋ በሙሉ ያያል። ሪፖርቱ የተፈጠረው ይህን የመረጃ ልዩነት ለማጥበብ ነው፤ መመዘን ያለበትም በዚህ ይመስለኛል።

የአሜሪካ መንግሥት የግብርና ዋጋን ማሳወቅ የጀመረው በ1915 ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን መረጃው የሚሰበሰበው ከገዢና ከሻጭ ፈቃድ ነበር። ዘጋቢው ደውሎ ይጠይቃል፤ የፈለገ ይመልሳል፤ ያልፈለገ ዝም ይላል። ሽያጩ ከአደባባይ ገበያ ወጥቶ በአድላቢውና በቄራው መካከል በስልክ የሚያልቅ ሲሆን የሚመልሰው ሰው እያነሰ፣ ሪፖርቱም እየመነመነ ሄደ። በ1999 የወጣው ሕግ ይህን ቀይሮ በዓመት በአማካይ 125,000 እና ከዚያ በላይ ከብት የሚያርድ ድርጅት ሁሉ የገዛበትን ዋጋ እንዲያሳውቅ አስገደደ። ድርጅቶቹ በቀን ሁለት ጊዜ፣ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓትና እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት፣ የገዙትን ብዛት፣ ዋጋና የግዢ ዓይነት ያስገባሉ። አሠራሩ በኤፕሪል 2001 ተጀመረ። በ2005 የሕጉ ዘመን ሲያልቅ ምክር ቤቱ በጊዜው ባለማደሱ እስከ 2008 ድረስ ሪፖርቱ እንደገና በፈቃደኝነት ላይ ብቻ የተመሠረተ ሆነ፤ ይህን የማነሳው ለገበሬው እንደ ውኃና እንደ መንገድ የሚያስፈልግ አገልግሎት በየጥቂት ዓመቱ የእድሳት ፊርማ እየጠበቀ የሚኖር መሆኑ ሊታወቅ ስለሚገባ ነው። በኦክቶበር 2013 የመንግሥት ሥራ በበጀት ክርክር ሲቆምም ሪፖርቱ አብሮ ቆሞ ነበር፤ በእሱ ላይ ተመሥርተው የተጻፉ ውሎች መነሻ ዋጋ አጡ።

አሁን ወደ ሪፖርቱ ገጽ እንግባ። እኔ አብዝቼ የምጠቀመው አምስት አካባቢዎችን አንድ ላይ የሚያሳየውን ሳምንታዊ ሪፖርት ነው፤ ሰኞ ሰኞ ይወጣል። አካባቢዎቹ ቴክሳስ፣ ኦክላሆማና ኒው ሜክሲኮ በአንድነት፣ ካንሳስ፣ ነብራስካ፣ ኮሎራዶ፣ እንዲሁም አይዋና ሚኒሶታ በአንድነት ናቸው። በሰንጠረዡ ላይ ሰንጋና ጊደር ይለያያሉ፤ በቁም የተሸጠውና በታረደ ሥጋ ክብደት የተሸጠው ለየብቻው ይቀመጣል፤ ከመንጋው ምን ያህሉ «ቾይስ» የተባለውን የጥራት ደረጃ እንደሚያሟላ በሚገመት ድርሻም ይከፋፈላል። ለእያንዳንዱ መስመር የከብቱ ብዛት፣ የክብደቱ መጠን፣ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ዋጋ፣ በመጨረሻም በብዛት የተመዘነው አማካይ ተጽፏል። ዋጋው በ100 ፓውንድ፣ ማለትም በ45 ኪሎ ግራም ገደማ ነው።

ለአዲስ አንባቢ አንድ ምክር አለኝ፤ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በአማካይ ዋጋው ላይ ቢሆንም አስቀድሞ መታየት ያለበት የከብቱ ብዛት ነው። በ40,000 ራስ ከብት ላይ የተመሠረተ አማካይና በ600 ራስ ላይ የተመሠረተ አማካይ በወረቀቱ ላይ እኩል ይመስላሉ፤ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ግን ሁለተኛውን ይዞ መከራከር አይቻልም። ቀጥሎ የሚታየው በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል ያለው ርቀት ነው፤ እዚያ ላይ ጥሩ ሰንጋ ያለው ሰው ምን ያህል መጠየቅ እንደሚችል ይገኛል። 1,400 ፓውንድ በሚመዝን ሰንጋ ላይ በ100 ፓውንድ የአንድ ዶላር ልዩነት 14 ዶላር ነው። አምስት ዶላር ሲሆን 70 ዶላር፣ በመቶ ሰንጋ 7,000 ዶላር ይሆናል። ሪፖርቱን ሳያነብ የሸጠ ሰው የሚያጣው ይህን ያህል ሊሆን እንደሚችል ሳስብ፣ አገልግሎቱ በነጻ መሰጠቱ ትልቅ ነገር ነው እላለሁ።

ከዚህ ጋር አብሮ መነበብ ያለበት ቄራዎቹ ሥጋውን በየብልቱ ለይተው፣ በካርቶን አሽገው ለነጋዴ የሚሸጡበትን ዋጋ የሚያሳየው ሪፖርት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንባቢ ቄራው በገዛበትና በሸጠበት መካከል ያለውን ልዩነት ራሱ ማስላት ይችላል። 1,400 ፓውንድ የሚመዝን ሰንጋ ሲታረድ ከ62 እስከ 63 በመቶ የሚሆነው፣ ማለትም 880 ፓውንድ ያህሉ፣ ሥጋ ሆኖ ስለሚንጠለጠል በቁም የተሸጠውን ዋጋ ወደ ሥጋ ዋጋ መመለስ አያስቸግርም።

የዚህ ሪፖርት ዋጋ በሁለት አጋጣሚዎች በግልጽ ታይቷል። ኦገስት 9 ቀን 2019 በካንሳስ፣ ሆልኮም አጠገብ በሚገኘው የታይሰን ቄራ ላይ እሳት ተነሳ። ቄራው በቀን 6,000 ያህል ከብት የሚያርድ በመሆኑ፣ አንድ በር ሲዘጋ በመላው አገሪቱ የሰንጋ ዋጋ ወረደ፣ የታሸገው ሥጋ ዋጋ ግን ወጣ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዚያው ወር መጨረሻ በ100 ፓውንድ ወደ 67 ዶላር ደርሶ አስገዳጁ ሪፖርት ከተጀመረ ወዲህ ያልታየ ሆነ። ከጥቂት ወራት በኋላ ኮሮና መጣ። በቄራዎቹ ውስጥ ሠራተኞች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ስለሚሠሩ ሕመሙ ቶሎ ተዛመተ፤ ሠራተኞች ሞቱ፣ ቄራዎች ተዘጉ። በሜይ 2020 አጋማሽ ልዩነቱ ከ279 ዶላር በላይ ሆነ። ሸማቹ በመደብር የሥጋ ዋጋ ሲወደድበት አድላቢው ደግሞ ገዢ አጥቶ የደለበ ከብቱን እየቀለበ ያቆይ ነበር። ይህን በአንደበት ብቻ መናገር ለአቤቱታ አይበቃም፤ አርቢዎቹ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ሲናገሩ በእጃቸው የነበረው የመንግሥት ቁጥር በመሆኑ ማንም ሊያስተባብላቸው አልቻለም። በእኔ ግምት አገልግሎቱ ከሰጣቸው ጥቅሞች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

ነገር ግን ልዩነቱን እንደ ትርፍ ቆጥሮ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል። በውስጡ የሠራተኛ ደመወዝ፣ ማሸጊያ፣ ማቀዝቀዣና ቄራው ጎድሎበት በሚሠራበት ቀን የሚደርስበት ኪሳራ አለ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ከቆዳና ከሆድ ዕቃ የሚገኘው ገቢ በታሸገው ሥጋ ዋጋ ውስጥ አይታይም። ሪፖርቱ ይህን አያብራራም፤ በአንዲት አንቀጽ ቢያብራራ ኖሮ ብዙ የተሳሳተ ክርክር ባዳነ ነበር። የጊዜው ሁኔታም ለዚህ ማስረጃ ነው። በጃንዋሪ 2025 የአገሪቱ የቀንድ ከብት ቁጥር 86.7 ሚሊዮን ሆኖ ከ1951 ወዲህ ዝቅተኛው ነበር፤ ለዓመታት የዘለቀው ድርቅና የመኖ ውድነት አርቢዎች ጊደሮቻቸውን ሳይቀር እንዲሸጡ አድርጓቸው ስለነበር። ከብት ሲጠፋ ዋጋው ታይቶ ወደማይታወቅ ደረጃ ወጣ፤ ቄራዎቹም በተራቸው ከበሬ ሥጋ ሥራ ኪሳራ ማስመዝገብ ጀመሩ። አንዳንዶች ይህን አይተው የውድድር ጥያቄ ተመለሰ ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ ዋጋውን ያወጣው የከብት እጥረት እንጂ የገዢ መብዛት አይደለም፤ መንጋው ሲታደስና ሰንጋ ሲበዛ ገዢዎቹ ያው አራቱ ናቸው።

የሪፖርቱ ዋነኛ ችግር ግን በራሱ በሪፖርቱ አዘገጃጀት ሳይሆን በሚመዘግበው ገበያ ላይ ያለ ነው። ከብት የሚሸጥባቸው መንገዶች በዋናነት ሁለት ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው ገዢና ሻጭ በየሳምንቱ ተነጋግረው በዋጋ የሚስማሙበት ድርድር ነው። ሁለተኛው በቅድሚያ በተጻፈ ቀመር የሚፈጸመው ነው፤ አድላቢው ከብቱን ለአንድ ቄራ ለማቅረብ ይስማማል፣ ዋጋው ግን በዚያ ጊዜ አይወሰንም፤ «ባለፈው ሳምንት ሪፖርት ላይ የወጣው አማካይ ይሁንና ለጥራቱ ይጨመርበት፣ ለጉድለቱ ይቀነስበት» ተብሎ ይጻፋል። በሌላ አነጋገር በቀመር የሚሸጠው ከብት ዋጋውን የሚዋሰው በድርድር ከተሸጠው ነው። ከሃያ ዓመት በፊት በድርድር የሚሸጠው ግማሽ ያህል ነበር፤ በዚህ አሥር ዓመት ወደ አንድ አምስተኛ ወርዷል፤ በቴክሳስ፣ ኦክላሆማና ኒው ሜክሲኮ ደግሞ ከአሥር አንድ እንኳን የማይሞላበት ጊዜ ብዙ ነው።

የዚህን ትርጉም ረጋ ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ከመቶ ሰንጋ ሰማንያው ቀድሞ በቀመር የተያዘለት ገዢ፣ ቄራው ለሳምንቱ የሚያስፈልገው ስለማይጎድልበት ለቀሩት ሃያዎች ለመሻማት አይቸኩልም። ለሃያዎቹ አንድ ዶላር ቢጨምር ጭማሪው በሚቀጥለው ሳምንት በሰማንያዎቹም ላይ ይጨመርበታል፤ አንድ ዶላር ቢቀንስ በሁሉም ላይ ይቀንስለታል። በሻጩ በኩል ደግሞ ለድርድር የሚለፋው፣ አልሸጥም ብሎ አንድ ሳምንት የሚያቆየው፣ በዚህም የሚጎዳው ጥቂቱ አድላቢ ነው፤ ያስገኘውን ዋጋ ግን ያልለፋው ሁሉ ይካፈለዋል። ይህ ሆኖ ሳለ የሚደራደረው ሰው በየዓመቱ ቢያንስ የሚያስገርም አይደለም። በቀመርና በውል የተያዘ ከብት የድርድሩን ዋጋ ይጫነዋል የሚለው ክርክር ፍርድ ቤትም ደርሶ ነበር። በ2004 በአላባማ ከተራ ዜጎች የተውጣጣ የፈራጆች ሸንጎ (ጁሪ) በታይሰን ላይ የ1.28 ቢሊዮን ዶላር ፍርድ ሰጠ፤ የችሎቱ ዳኛ ግን ውሳኔውን ሻረው፤ የይግባኙ ፍርድ ቤትም ኩባንያው ለአሠራሩ በቂ የንግድ ምክንያት አለው ብሎ ሽረቱን አጸና።

የቀመር ሽያጭ ደጋፊዎችን ሐሳብ ዘልዬ ብሄድ ግን ፍትሐዊ አይሆንም። በ2007 ለግብርና ሚኒስቴር የቀረበው ሰፊ ጥናት እነዚህ ውሎች ወጪ እንደሚቀንሱ፣ ቄራው በእኩል አቅም እንዲሠራ እንደሚያስችሉ፣ ጥሩ ከብት ያደለበ ሰውም የጥራቱን ዋጋ እንዲያገኝ እንደሚረዱ ደምድሟል። ይህ እውነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ በድርድር ብቻ ሲሸጥ ጥሩውና መካከለኛው ሰንጋ በአንድ ዋጋ ይሄድ ነበር። የእኔ ቅሬታ በውሉ ላይ ሳይሆን ውሉ መነሻ ዋጋውን ከየት እንደሚያመጣ ላይ ነው። መነሻው ከታሸገው ሥጋ የሽያጭ ዋጋ ጋር ቢታሰር፣ ወይም በየአካባቢው ቢያንስ የተወሰነ ድርሻ በድርድር እንዲገዛ ቢደረግ፣ ጥራትን የሚከፍለው አሠራር ሳይነካ መሠረቱ ይጠነክራል። በሁለተኛው ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ሕግ በ2022 ከሁለቱም ፓርቲዎች በተውጣጡ የምክር ቤት አባላት፣ በነብራስካዋ ሴናተር ዴብ ፊሸርና በአይዋው ሴናተር ቸክ ግራስሊ ጭምር ቀርቦ በሴኔቱ የግብርና ኮሚቴ ቢያልፍም ሕግ ሆኖ ሳይጸድቅ ቀርቷል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ሪፖርቱ የሚጠፋበትን ቦታ ይመለከታል። ሕጉ የአንድ ኩባንያ የንግድ ምስጢር በቁጥሮች በኩል እንዳይገለጥ ያዛል፤ በዚህም መሠረት አንድ መስመር እንዲታተም ባለፉት 60 ቀናት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ገዢዎች ከጊዜው ግማሽ ያህል ሪፖርት ያደረጉበት፣ አንዱ ገዢ ከመረጃው ከ70 በመቶ በላይ ያልያዘበት፣ ከጊዜውም ከ20 በመቶ በላይ ብቸኛ ሪፖርት አድራጊ ያልሆነበት መሆን አለበት። ዓላማው ተገቢ ነው። በተግባር ግን የኮሎራዶን መስመር የከፈተ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ባዶ ቦታና በምስጢር ጥበቃ ምክንያት ያልታተመ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወሻ ነው። በኮሎራዶ ያሉት ትልልቅ ቄራዎች የጄቢኤስ የግሪሊውና የካርጊል የፎርት ሞርጋኑ ሁለቱ ስለሆኑ ሦስተኛ ገዢ ማግኘት ያስቸግራል። እንግዲህ ገዢ በበዛበት ቦታ ሪፖርቱ ይናገራል፤ ገዢ ባነሰበት፣ ሻጩም መረጃውን አጥብቆ በሚፈልግበት ቦታ ዝም ይላል። ምስጢሩ የሚጠበቅለት ወገን ከሁለቱ የበለጠ የሚያውቀው መሆኑ በጣም ያሳዝነኛል። የብዙ ሳምንታትን ግዢ አጠራቅሞ ማተም፣ ወይም ከአጎራባች አካባቢ ጋር ቀላቅሎ ማሳየት ምስጢሩን ሳይገልጥ ክፍተቱን ያጠብበዋል ብዬ አስባለሁ።

በ2023 መጀመሪያ በሙከራ ደረጃ የተከፈተው የከብት ውሎች ማኅደር ይህን አገልግሎት ለማሟላት የመጣ ነው። ባለፉት አምስት ዓመታት በአማካይ ከአገሪቱ ደላቢ ከብት አምስት በመቶና ከዚያ በላይ ያረዱ ኩባንያዎች የውሎቻቸውን ይዘት እንዲያስገቡ ያስገድዳል፤ መነሻ ዋጋው ከየትኛው ሪፖርት እንደሚወሰድ፣ ለየትኛው ጥራት ስንት እንደሚጨመር፣ ለየትኛው ጉድለት ስንት እንደሚቀነስ። የኩባንያ ስም አይወጣም። አንድ አድላቢ የቀረበለትን ውል ይዞ ገብቶ ከሌሎች ጋር ሲያስተያይ ጭማሪው ያነሰበትን ነጥብ ማግኘቱ ከዚህ በፊት ያልነበረ ዕድል ነው። አቀራረቡ ግን ለጠበቃ እንጂ ለአድላቢ የተጻፈ አይመስልም፤ የውል ቋንቋው እንዳለ ስለሚገለበጥ አንዱን ከሌላው ለመለየት ትዕግሥት ይጠይቃል።

የዋጋ ሪፖርቱም ቢሆን ለአጠቃቀም የተመቸ ነው አልልም። እያንዳንዱ ሪፖርት የሚጠራው በፊደልና በቁጥር ኮድ ነው፤ ሰንጠረዦቹ አሕጽሮተ ቃል በዝቶባቸዋል፤ የቀድሞ ዓመታትን መረጃ ለማውጣት «ዳታማርት» ወደተባለው ሌላ ገጽ መሄድ ያስፈልጋል። አንዴ ከተለመደ ግን የ20 ዓመት መረጃ በደቂቃዎች ውስጥ አውርዶ ማየት ይቻላል፤ ለተመራማሪና ለጋዜጠኛ ከዚህ የተሻለ የከብት ዋጋ ምንጭ አላውቅም።

ከአምስቱ አካባቢዎች በዚህ ሰሞን አተኩሬ የምከታተለው የነብራስካን መስመር ነው። ነብራስካ ከአይዋና ሚኒሶታ ጋር ድርድር አሁንም በርከት ብሎ የሚገኝባት፣ የሌሎቹ ቀመርም ብዙ ጊዜ የሚንተራስባት ግዛት ናት። በኖቬምበር 2025 ታይሰን በግዛቲቱ በሌክሲንግተን ከተማ ያለውንና በቀን ወደ 5,000 ከብት የማረድ አቅም ያለውን ቄራውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ 3,200 ያህል ሠራተኞች ሥራቸውን የሚያጡበት ውሳኔ ነው። ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ኖርዝ ፕላት ደግሞ አርቢዎችና አድላቢዎች ተሰባስበው ያቋቋሙት፣ ዋልማርትም አነስተኛ ድርሻ የገዛበት ሰስቴይነብል ቢፍ የተባለ ቄራ በዚያው ዓመት ሥራ ጀምሯል፤ አቅሙ በቀን 1,500 ከብት ነው። የተዘጋውን አይተካም፤ ሆኖም አንድ አዲስ ገዢ በአካባቢው ገብቷል። ይህ ሁሉ በድርድር ላይ ምን እንዳስከተለ የሚታየው በአማካይ ዋጋው ላይ ሳይሆን ከጎኑ ባለው ዓምድ ላይ ነው፤ በነብራስካ በድርድር የተሸጠው ከብት ብዛት በየሳምንቱ እየቀነሰ ከሄደ የሌሎቹም አካባቢዎች መነሻ ዋጋ የሚቆምበት መሠረት አብሮ ይጠባል። ሰኞ ሪፖርቱን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ያንን ቁጥር ነው።